ብቻውን የሄደ መድኃኒት፦ የቲቢ ጥምር ሕክምና እና የምዕራብ ሐረርጌ መንገድ

በአማርኛ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» እንላለን። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ ሐሳቡ ግን ያሳስታል። መላመድ የሁለት ወገን ነገር ነው፤ እየቆየ፣ በመመላለስ ይመጣል። ሙሽራ ከአማቶቿ ትላመዳለች፣ ወይፈን ከቀንበር ይላመዳል። ስለዚህ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ተላመደ የተባለው የታማሚው ሰውነት ይመስለዋል፤ ክኒን በዝቶበት፣ ገላው ለምዶት፣ መድኃኒቱ ሥራ የፈታበት። ከዚህ ወደ ፍርድ አንድ እርምጃ ነው፦ «አቋርጦ ነዋ! ቢጨርስ ኖሮ ይድን ነበር።» ፍርዱ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በጭሮም፣ በሂርናም፣ በገለምሶም፣ እንዲሁም በአዲስ አበባም ያው ነው፤ አንዳንዴም ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው አፍ ይወጣል። እኔ ፍርዱ ያለ ቦታው ወድቋል ባይ ነኝ። ያለፉት ሰባ አምስት ዓመታት ታሪክ ሲመረመር ባክቴሪያውን ያበረታው በአመዛኙ የታማሚው ስንፍና አይደለም፤ የመድኃኒቱ ብቸኝነት ነው። መድኃኒቱን ያለ ጓደኛ የላከውም ብዙ ጊዜ ታማሚው ሳይሆን መንገዱ፣ ግምጃ ቤቱ፣ አንዳንዴም ራሱ የሕክምና መመሪያው ነበር።

በሳንባ ውስጥ ያለው ነገር እንዲህ ነው። ቲቢ የቦረቦረው አንድ የሳንባ ጉድጓድ 100 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ከሚሊዮኑ አንዱ ገደማ አይሶኒያዚድ የሚባለው መድኃኒት የማይነካው ሆኖ የተወለደ ነው፤ መድኃኒቱን አይቶት አያውቅም፣ ሊለምደውም ጊዜ አላገኘም፣ በአጋጣሚ እንዲያ ሆነ እንጂ። ሪፋምፒሲን የማይነካው ደግሞ ከ100 ሚሊዮን አንዱ ገደማ ነው። እንግዲህ አንዱ መድኃኒት ብቻውን ተሰጠ እንበል። ብዙኃኑ ያልቃሉ፣ ሳሉ ይቀላል፣ ታማሚው ፊቱ ይመለሳል። የማይነካቸው ጥቂቶች ግን ባለቤት የሌለው መሬት አገኙ ማለት ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደረቱን የሚሞላው የእነሱ ዘር ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ከተሰጡስ? ከሁለቱም የሚያመልጥ አንድ ባክቴሪያ ለማግኘት 100 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል የሚችል ደረት የለም። ስለ ጥምር ሕክምና ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነው። ተረቱ ግን እዚህ ላይ ልክ አይገባም። የድሩ ነገር ጉልበት መደማመር ነው፤ የመድኃኒቶቹ ነገር የዘብ ተራ ነው። አንዱ ሾልኮ ያለፈበትን ሌላው ይይዘዋል እንጂ ሁለቱ ተባብረው አንዱን ባክቴሪያ አያንቁትም።

ዓለም ይህን የተማረው በሰው ሕይወት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስትሬፕቶማይሲን በ1943 በአሜሪካ፣ በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሴልማን ዋክስማን ይመራው በነበረ ቤተ ሙከራ በተማሪው በአልበርት ሻትስ እጅ ተገኘ። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1948 ውጤቱን ባሳተመው ሙከራ 55 ታማሚዎች መርፌውን አገኙ፣ 52ቱ ደግሞ በአልጋ ላይ ዕረፍት ብቻ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኞቹ 14 ሰዎች ሞቱ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ቲቢ አበቃለት ቢል አይፈረድበትም። አምስት ዓመት ሲሞላ ግን ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ 35 ሞተው ነበር፤ ያ ሁሉ ልዩነት እንደ ጤዛ ረገፈ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። እነዚያ 55 ሰዎች በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተው፣ በነርስ እጅ፣ በየስድስት ሰዓቱ ለአራት ወር ሲወጉ የነበሩ ናቸው። «አቋርጠው ነው» የሚባልባቸው አልነበሩም። ክትትላቸው ዛሬ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ከሚታሰበው በላይ ነበር፤ ሆኖም ባክቴሪያው መድኃኒቱን አሸነፈ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ብቻውን ነበር። ፓስ የተባለው መድኃኒት ከስትሬፕቶማይሲን ጋር በተጣመረበት በሚቀጥለው ሙከራ ይህ ሽንፈት እጅግ ቀነሰ። በ1952 አይሶኒያዚድ ሲመጣ በኤዲንብራ ጆን ክሮፍተንና ባልደረቦቹ ሦስቱን አንድ ላይ ሰጡ፤ ከዚያ ወዲህ ቲቢ የሚድን በሽታ ሆነ። ደንቡ የተጻፈው ያን ጊዜ ነው፦ መድኃኒት ብቻውን አይሰጥም፣ በሚሸነፍ ጥምረት ላይም አንድ መድኃኒት ብቻ አይጨመርም። ሁለተኛው ግማሽ ኋላ የሚመጣ ነገር ስላለው ልብ ይባል።

ደንቡ በኤዲንብራ ቀላል ነበር። ጥያቄው ከአስፋልቱ ዳር እየራቀ ሲሄድ ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ ምዕራብ ሐረርጌን ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ቦታ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የጨርጨርን ደጋ አልወጣም፤ ቆላ ቆላውን በአፍደም፣ በሚኤሶ፣ በአሰቦት አድርጎ አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው የጨርጨር ገዢ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩስያ የጦር ትምህርት ተምረው የመጡት፣ ኋላም የ1931ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው፣ በ1920ዎቹ አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት። ስሟን ከአልጋ ወራሹ ወሰደች፤ ዛሬ ጭሮ ነው የምትባለው። ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከቆላው ሐዲድ ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ ተቀምጣለች። በንጉሡ ጊዜ የጨርጨር፣ አዳልና ጋራ ጉራቻ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ገለምሶ ደግሞ የሐብሮ። በዋናው መንገድ ላይ ሂርና አለች፤ ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ገባ ብለው በዴሳ፣ ገለምሶና መቻራ አሉ። በ2007 በተደረገው ቆጠራ ዞኑ ወደ 1.87 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው፤ በከተማ የሚኖረው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። የቀረው ሸንተረር ለሸንተረር ተበትኖ፣ ማሽላና በቆሎ፣ ጫትና ቡና ሲያለማ የሚውል ገበሬ ነው፤ በሚኤሶ በኩል ደግሞ ከብትና ግመል የሚነዳ አርብቶ አደር። ለዚህ ሰው ቀድሞ ለቲቢ ይታዘዝ የነበረው የአሥራ ሁለት ወር መድኃኒት ማለት የአሥራ ሁለት ወር መንገድ ማለት ነበር።

«መንገድ ምክንያት አይሆንም» የሚል አይጠፋም፤ ደግሞም የሚናቅ ተቃውሞ አይደለም። ሐረርጌ ከጥንት ጀምሮ የንግድ አገር ነው። ጠዋት የተቀጠፈ ጫት ሳይጠወልግ ድንበር ይሻገራል፤ ጫት የደረሰበት ክኒን እንዴት አይደርስም? መልሱ ገበያው ውስጥ ነው። ጫት በየቀኑ የሚደርሰው በየቀኑ የሚከፍልለት ሰው ስላለ ነው። ዓመት ሙሉ የሚዋጥ የድሀ መድኃኒት ግን በየቀኑ የሚከፍልለት ገዢ የለውም። ንግድ መድኃኒት ማምጣቱንስ ያመጣል፤ ግን የሚያመጣው እንደ ንግድ ነው፣ በተናጠል፣ የሚሸጠውን መርጦ። ጥምር ሕክምና ደግሞ በነጋዴ ዓይን የማይረባ ሸቀጥ ነው፤ ሦስት አራት ዓይነት ዕቃ በአንድ ልክ፣ በአንድ ቀን፣ ሳይጎድል፣ ለወራት ማቅረብን ይጠይቃል። ከአራቱ አንዱ ሲያልቅ የቀሩት ይሸጣሉ እንጂ «ጓደኛቸው እስኪመጣ» ተብለው ከመደርደሪያ አይወርዱም። ሽያጩ አያስወቅስም፤ ንግድ እንዲህ ነውና። ባክቴሪያው ግን የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

በዚህ ላይ የመርፌ ክብር ተጨመረ። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የኢትዮጵያ ገጠር ሕክምና የቆመው ድሬሰር በሚባለው የጤና ረዳት ትከሻ ላይ ነው፤ ኋላ ደግሞ በ1954 የተከፈተው የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያወጣቸው የጤና መኮንኖችና ነርሶች በየጤና ጣቢያው መግባት ጀመሩ። ሕዝቡ ያመነው መርፌን ነው። «መርፌ ወጊ» የሚለው የሙያ ስም እስከ ዛሬ በአፋችን አለ፤ «ክኒን ሰጪ» የሚል ማዕረግ ግን የለንም። በአገሪቱ የቲቢ ሕክምና የቆየው ጥምረት ስትሬፕቶማይሲን፣ አይሶኒያዚድና ቲያሴታዞን ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መርፌው አብሮ፣ የቀሩት ክኒን ብቻ፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ወር። ቲያሴታዞን የተመረጠው ርካሽ ስለነበር ነው፤ ፓስ ውድና ለመዋጥ የሚያስቸግር በመሆኑ በእሱ ቦታ ይተካ እንደሆነ በምሥራቅ አፍሪካ ተፈትኖ ነው የገባው። የድሀ አገር ጓደኛ መድኃኒት ልንለው እንችላለን፤ ደካማ ነው ግን አይሶኒያዚድን ብቻውን አይተወውም። እንግዲህ መርፌው ሲያልቅ ታማሚው ምን ያስባል? የተሻለው በመርፌው ነው፣ ክኒኑ ተጨማሪ ነው ብሎ ያስባል፤ ይህን እንዲያስብ ያስተማረው ደግሞ የሕክምናው ሥርዓት ራሱ ነው። ስለዚህ በአሥራ ሁለተኛው ወር ክኒኑን የሚውጥ ሰው ማነሱ የሚገርም አልነበረም።

ታሪኩ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከሌላው አገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እኛ ብቻውን የሄደ መድኃኒት የሚያመጣውን ጣጣ በግልጽ ያየነው በቲቢ ሳይሆን በሥጋ ደዌ ነው። ሐረር ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ ነበረባት። በ1957 በጀርመን ቩርዝቡርግ ከተማ የተመሠረተው የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረው ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ፣ በቢሲዲሞ ነው። ያ ሁሉ ሕክምና ለብዙ ዓመት በአንድ መድኃኒት፣ በዳፕሶን ላይ ቆሞ ነበር። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ በሚገኘው በአለርት ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች ዳፕሶን የማይበግረው ሥጋ ደዌ መኖሩን፣ ከዚያም የባሰውን፣ ዳፕሶን ፈጽሞ ወስደው በማያውቁ አዲስ ታማሚዎች ላይ መታየቱን ጽፈው አወጡ። ሁለተኛው ዜና ለዚህ ክርክር ክብደቱ ትልቅ ነው፤ ያልጀመረ ሰው አያቋርጥምና። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዳፕሶን ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ ደነገገ፤ ኢትዮጵያም ተከተለች። በ1994 የቲቢና የሥጋ ደዌ መከላከያ ፕሮግራሞች በአንድ ሲጣመሩ ሁለቱን በሽታዎች ያገናኛቸው የባክቴሪያዎቹ ዝምድና ብቻ አልነበረም። ታማሚን በስም መዝግቦ ወራት የመከታተል ልማዱ፣ መዝገቡ፣ እየዞረ የሚቆጣጠረው ባለሙያ፣ ሞተር ብስክሌቱ ሳይቀር፣ በብዛት ከሥጋ ደዌው ወገን የመጣ ነው።

ከምዕራብ ሐረርጌ ማዶ ባሉት በአርሲና በባሌ ደግሞ በ1992 አዲሱ የቲቢ ሕክምና ሥርዓት ተሞከረ፤ ታማሚው በባለሙያ ፊት የሚውጥበት፣ ሪፋምፒሲን ያለበት አጭር ሕክምና። ከዚያ ዞን በዞን ሰፋ። ኢትዮጵያ የመረጠችው የስምንት ወር ሕክምና ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል በየቀኑ በጤና ጣቢያ፤ በቀሩት ስድስት ወራት ኢታምቡቶልና አይሶኒያዚድ፣ በወር አንዴ እየተወሰደ፣ በቤት። ይህ ምርጫ በአዳራሽ የተወሰነ ይምሰል እንጂ በውስጡ ያለው የመንገድ ስሌት ነው። ሪፋምፒሲን ውድ ልጅ ነው፤ ዓይን ከሌለበት ቦታ አይላክም። ታማሚው ወደ ሸንተረሩ ሲመለስ ይዞት የሚሄደው ቢበላሽ ብዙ የማይጎዳውን ነው። በ2004 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ግን የጥንቃቄውን ዋጋ አሳየ፤ ሪፋምፒሲን እስከ መጨረሻው በየቀኑ በተሰጠበት የስድስት ወር ሕክምና ያልተሳካላቸው ወይም ያገረሸባቸው ከመቶ 5 ሲሆኑ፣ እንደ እኛው ባለው በስምንት ወሩ ከመቶ 10 ሆኑ። ኋላ አገሪቱ ወደ ስድስት ወሩ ዞራለች። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው መመደባቸው ባይኖር ይህ መዞር ባልተቻለም ነበር እላለሁ፤ ዓይኑ ወደ ሸንተረሩ ወጣ፣ ሪፋምፒሲኑም ተከተለው።

እስካሁን ያልኩት ታማሚውን ሙሉ በሙሉ ነጻ ለማውጣት አይደለም። ሰው ያቋርጣል። ሲሻለው ያቋርጣል፣ ማቅለሽለሹ ሲበዛበት ያቋርጣል፣ አዝመራ ሲደርስ ያቋርጣል፣ በ2017 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ እንደታየው ቤቱ ሲፈርስበት ያቋርጣል። ግን ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ቀን ያቆመ ሰው በአብዛኛው የሚመለሰው ይዞት በሄደው ባክቴሪያ ነው፤ በሽታው ያገረሽበታል እንጂ ወዲያው መድኃኒት የማይበግረው አይሆንም። አደገኛው ግማሽ ማቋረጥ ነው፤ አንዱ አልቆበት ሌላውን ሲውጥ፣ አንዱን ገዝቶ ለሌላው ገንዘብ ሲያጥረው። ይህን የተረዱ ሰዎች ያመጡት መፍትሔ ስብከት አልነበረም። አራቱን መድኃኒቶች በአንድ እንክብል ውስጥ አዋሐዷቸው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ይህ እንክብል ታማሚው ቢፈልግ እንኳ ሪፋምፒሲንን ለይቶ እንዳይውጥ፣ ግምጃ ቤቱም ለይቶ እንዳይጨርስ አደረገ። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ኪት የሚባለው ካርቶን መጣ። ሕክምናው በተጀመረበት ቀን የታማሚው ስም በእስክሪብቶ ይጻፍበታል፤ ውስጡ እስከ መጨረሻው ቀን የሚበቃው መድኃኒት በየቅጠሉ ተደርድሮ አለ። የሌላ ሰው ዕቃ አይነካም፤ መደርደሪያ ላይ የተረፈው ቅጠል ብዛት ብቻ ታማሚው የት እንደደረሰ ይናገራል። በእኔ ግምት ይህ ካርቶን ከብዙ የግድግዳ ፖስተር ይልቅ ሥራ ሠርቷል።

ሥርዓቱ ራሱ ደንቡን የጣሰበት ቦታም አለ፣ ያውም በጽሑፍ። ቲቢ ያገረሸበት ወይም ሕክምናው ያልያዘለት ሰው ለብዙ ዓመት በዓለም ሁሉ ይሰጠው የነበረው «ካቴጎሪ ሁለት» የተባለው ሕክምና ነበር። ምንነቱ ሲታይ ያው የቀድሞው ጥምረት ላይ ስትሬፕቶማይሲን ለሁለት ወር ተጨምሮበት ነው፤ በድምሩ ስምንት ወር። አይሶኒያዚድንና ሪፋምፒሲንን ላሸነፈ ባክቴሪያ ይህ ማለት በፈረሰ አጥር ላይ አንድ እንጨት ማቆም ነው። ኤዲንብራ ላይ የተጻፈውን ሁለተኛውን የደንቡን ግማሽ ቃል በቃል ይጻረራል። የሚከላከሉለት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው፤ ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚፈትሽ ቤተ ሙከራ በሌለበት አገር ሌላ ምን ይደረግ? ደግሞም ያገረሸባቸው ሁሉ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የያዙ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በዚሁ ሕክምና ድነዋል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ላልዳኑት ሕክምናው አራተኛውን፣ አምስተኛውን መድኃኒት ተራ በተራ ለባክቴሪያው ማስረከቢያ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት አይሰጥ ያለው በ2017 ነው። በጭሮም ሆነ በመቻራ አክታው አልጠራ ብሎ በድጋሚ ሁለት ወር የተወጋ ሰው ያጠፋው ምንድን ነው? የታዘዘለትን እስከ መጨረሻው ተወጋ፤ ታዛዥነቱ ነው የጎዳው።

ቁጥሮችም ከዚህ ወገን ናቸው። ከ2003 እስከ 2005 የተደረገው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ጥናት አይሶኒያዚድንና ሪፋምፒሲንን የተላመደ ቲቢ በአዲስ ታማሚዎች ላይ 1.6 በመቶ፣ ከዚህ በፊት በታከሙት ላይ 11.8 በመቶ አገኘ። ከ2011 እስከ 2013 በተደረገው ሁለተኛው ጥናት 2.3 እና 17.8 በመቶ ሆኑ። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው 17.8ቱን ነው፤ «ይኸው፣ አቋራጮቹ» እያለ። ለስሌት ያህል ግን አንድ ሺህ ታማሚዎችን እንውሰድ፤ 950ዎቹ አዲስ፣ 50ዎቹ ዳግም የሚታከሙ ይሁኑ። ከ50ዎቹ ዘጠኙ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አለባቸው። ከ950ዎቹ ደግሞ ሃያ ሁለቱ። ማለትም ከሦስቱ ሁለቱ አንድም ክኒን አላቋረጡም፣ አልጀመሩማ! በሽታውን እንደተዘጋጀ ከሌላ ሰው ትንፋሽ ተቀበሉት፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ካደረ፣ በሚኒባስ አብሮ ከተጓዘ፣ በተዘጋ ቤት አብሮ ከቃመ ሰው። የቤተሰቡን ታማሚ «አንተ ነህ ያመጣኸው» የሚለው ወቀሳ ስሌት አይደግፈውም።

መድኃኒት የማይበግረውን ቲቢ በሌላ ጥምረት ማከም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2009 ነው፤ በእንጦጦ ሥር ባለው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ በካምቦዲያ ልምድ ያገኘው ግሎባል ኸልዝ ኮሚቲ የተባለ ድርጅት አጋዥ ሆኖ፤ ቀጥሎም በጎንደር። ከዚያ በፊት የጭሮም ሆነ የሌላ አገር ሰው ምርመራው ቢነገረው የሚሰጠው መድኃኒት አልነበረም፤ ታማሚው ስሙን ብቻ ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት በሽታ ነበር። አዲሱ ሕክምና ቀላል አልነበረም። እንደ ካናማይሲን ያለ መርፌ ለስምንት ወር ገደማ፣ ከእሱ ጋር ሌቮፍሎክሳሲን፣ ኢቲዮናማይድ፣ ሳይክሎሴሪንና ፒራዚናማይድ፤ በድምሩ ሃያ ወርና ከዚያ በላይ፣ ከአሥር ሺህ በላይ ክኒን። መርፌው ጆሮ ያደነቁራል፣ ሳይክሎሴሪን አእምሮ ያውካል። ሆኖም በ2015 በታተመው ዘገባ ውጤታቸው ከታወቀ 612 ታማሚዎች ወደ 79 በመቶው ሕክምናቸው ተሳክቶላቸዋል፤ 14 በመቶ ገደማ ሞተዋል። በዚያ ዘመን ከብዙ ሀብታም አገሮች የበለጠ ውጤት ነው። ምስጢሩ መድኃኒቱ ነው ቢባል ልክ አይሆንም፤ መድኃኒቶቹ ሌላም ጋር ነበሩ። ፕሮግራሙ ለታማሚው ምግብና የመጓጓዣ ገንዘብ ሰጠ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠየቀው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን ተከታተለለት። የዚህ ዓይነቱ ወጪ ለአገሪቱ ሁሉ አይዘልቅም የሚል ክርክር ያኔም ነበር፤ ከ326 ኪሎ ሜትር ለሚመጣ ሰው ግን የአውቶቡስ ትኬቱ ራሱ ከጥምረቱ አንዱ መድኃኒት ነው። እሱ ሲጎድል የቀሩት ይቆራረጣሉ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር የምሥራቁን ታሪክ ወደ መነሻው መለሰው። ስትሪም የተባለው ዓለም አቀፍ ሙከራ ከኢትዮጵያ፣ ከሞንጎሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከቬትናም 424 ታማሚዎችን ይዞ ሃያውን ወር ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር ከሚፈጅ ሕክምና ጋር አወዳደረ። በ2019 የወጣው ውጤት 79.8 በመቶ ለረጅሙ፣ 78.8 በመቶ ለአጭሩ ነበር፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። በአጭሩ ሕክምና ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች አንዱ ክሎፋዚሚን ነው። ክሎፋዚሚን በ1950ዎቹ በደብሊን ሲሠራ የታሰበው ለቲቢ ነበር፤ እምብዛም ሳይታመንበት ወደ ሥጋ ደዌ ተዛወረ፣ የሥጋ ደዌ ታማሚን ቆዳ እያጠቆረ ብዙ ዓመት አገለገለ፣ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ወደ ቲቢ ተመለሰ። ቢሲዲሞም እንዲሁ ናት፤ የሥጋ ደዌ መንደር ሆና ተመሥርታ ኋላ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚታከምባቸው የምሥራቅ ሆስፒታሎች አንዷ ሆነች። ምርመራውም ወደ መንገዱ ወጥቷል። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን መላመድ አለመላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል፤ መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ አክታው በጠርሙስ ታሽጎ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በረዶ ባለበት ሳጥን ይጓዛል። ናሙናውን ከሚያመላልሱት አንዱ ፖስታ ቤት ነው፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ባለቀበት ዘመን ፖስታ ቤት ጥሩ ሥራ አገኘ።

«እንግዲህ ታሪኩ አለቀ አይደል?» ሊባል ይችላል። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ኢትዮጵያን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከበዛባቸው ሠላሳ አገሮች ዝርዝር አውጥቷታል። በ2022 ደግሞ ድርጅቱ ቤዳኩዊሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን ያሉበትን፣ መርፌ የሌለውን የስድስት ወር ሕክምና መክሯል። ሃያ ወር ስድስት ሆነ፤ ጆሮ የሚያደነቁረው መርፌ ቀረ። ይህን የሚያክል ለውጥ ማንኳሰስ አይገባም። ነገር ግን ቤዳኩዊሊንን የተላመደ ባክቴሪያ ከደቡብ አፍሪካ መዘገብ ጀምሯል፤ መድኃኒቱ የተፈቀደው በ2012 ነው፣ ስትሬፕቶማይሲንን የገጠመው ነገር በእሱም ላይ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። ለተራው ቲቢ አራቱ መድኃኒቶች በአንድ እንክብል ታስረዋል፤ ከጭሮ ግምጃ ቤት ተነሥቶ ገለምሶ ወይም መቻራ እስኪደርስ አንዱ ከሌላው ሊለይ አይችልም። የአዲሱ ሕክምና አራት መድኃኒቶች ግን ገና አራት ብልቃጥ ናቸው፤ በአንድ መኪና ቢጫኑም አንደኛው ከሌሎቹ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።